በሁለት ሕዝብ መካከል የቆመ እንግዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ እንግድነትና ስለ መሬት ነው። ሁለቱ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ኢተያ ላይ ተቀምጦ ግን ስለ እንግዳ አንሥቶ መሬትን ሳያነሡ መጨረስ አይቻልም። ከዚህ እስከ ቁሉምሳ፣ ከቁሉምሳ እስከ ጭላሎ ግርጌ የምናየው የስንዴ ማሳ ሁሉ፣ የማን ነበር፣ የማን ሆነ የሚል ጥያቄ በውስጡ አለው። ነገሩ ችኮላ አይወድምና ቀስ ብለን እንሂድ።

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 23ን ግለጡ። ሣራ በኬብሮን ሞታለች። አብርሃም ያችን ምድር ለዘርህ እሰጣለሁ ተብሎ ከእግዚአብሔር ቃል የተቀበለ ሰው ነው። በዚያ ቀን ግን ሚስቱን የሚቀብርባት አንድ ክንድ መሬት አልነበረውም። ታዲያ ምን አደረገ? እግዚአብሔር ሰጥቶኛል ብሎ አጥር አላጠረም። ከሬሳዋ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ኬጢ ልጆች ሄደና ራሱን እንግዳና መጻተኛ ብሎ አስተዋወቀ፤ ለአገሩም ሰዎች እጅ ነሣ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አብርሃም አቅም ያጣ ሰው አልነበረም። ምዕራፍ 14 ላይ 318 ብላቴኖቹን አሰልፎ ነገሥታትን አሳድዷል። (የኒቅያ አባቶች ቍጥር በዚህ ይመሰላልና ቍጥሩን አትረሱትም።) ጕልበትም ተስፋም የነበረው ሰው ነው መሬት ሊገዛ የቆመው። ኤፍሮን በነጻ ውሰደው ቢለው እንቢ አለ። በከተማው በር በሚገቡት ሰዎች ሁሉ ፊት 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ፤ እርሻው፣ ዋሻው፣ በዙሪያው ያለው ዛፍ ሳይቀር በስሙ ጸና። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ ከእግዚአብሔር የተገባልን ተስፋ በሌላው ሰው ማሳ ላይ የይዞታ ማረጋገጫ አይሆነንም። አብርሃም ይህን ያውቅ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ አማኞች ግን ዘንግተውታል።

ነጻውን ስጦታ ለምን እንቢ አለ? የሰዶም ንጉሥ ከምርኮው ውሰድ ሲለውም ፈትል እንኳ አልነካም ብሎ ነበር። ወደዚህ ምክንያት ገና እንመጣለን። ለአሁኑ ጥያቄውን ያዙና አንድ ሌላ እንግዳ ላሳያችሁ።

ይህ ሰው ዊሊያም ጆንሰን ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1715 ገደማ በአየርላንድ፣ በሚዝ አውራጃ ተወለደ። አየርላንድ በዚያ ዘመን ምን ዓይነት አገር እንደነበረች ማወቅ ያስፈልጋል። እንግሊዞች አገሩን በጦር ይዘው መሬቱን ለራሳቸው ሰዎች ሲያከፋፍሉ ኖረዋል፤ በ1703 በአገሬው ካቶሊኮች እጅ የቀረው መሬት ከ100 እጅ 14ቱ ገደማ ብቻ ነበር። የጆንሰን ቤተ ሰብ ከእነዚህ ካቶሊኮች ወገን ነው። እናቱ ግን ፒተር ዋረን የሚባል ወንድም ነበራት፤ እርሱ ወደ እንግሊዞቹ ሃይማኖት ገብቶ በባሕር ኃይላቸው አድሚራል እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው። ይህ አጎት በኒው ዮርክ ቅኝ ግዛት፣ በሞሐውክ ወንዝ ሸለቆ ሰፊ መሬት ገዝቶ ኖሮ ወጣቱን ጆንሰንን በ1738 ገደማ ጠባቂ አድርጎ ላከው። እርሱም ሃይማኖቱን ለውጦ ሄደ።

ሸለቆው ባዶ አልነበረም። የሞሐውክ ሰዎች አገር ነው። ሞሐውኮች ኢሮኮይ ከሚባሉት ስድስት ሕዝቦች አንዱ ናቸው፤ ስድስቱ በአንድ ቃል ኪዳን ታስረው፣ በአንድ ሸንጎ እየመከሩ የሚኖሩ ነበሩ። በምሥራቅ በኩል እንግሊዝ፣ ጀርመንና ደች ሰፋሪዎች እርሻቸውን እየገፉ ይመጣሉ፤ በሰሜን ፈረንሳዮች አሉ። ጆንሰን በዚህ መካከል ሱቅ ከፈተ። ጨርቅ፣ ባሩድና ድስት እየሰጠ የአውሬ ቆዳ ይቀበላል። ሌሎቹ ነጋዴዎች ሰውየውን በአረቄ አስክረው ቆዳውን በርካሽ ሲገፉት፣ እርሱ በአግባቡ ይከፍላል ተባለለት። ቋንቋቸውንም ተማረ። ሞሐውኮች ወደዱትና ዋራጊያጌይ የሚል ስም አውጥተው ከራሳቸው ወገን ቈጠሩት። አርሲ ኦሮሞ ባዕዱን በሞጋሳ ወደ ጎሣው እንደሚያስገባው ማለት ነው። ያ ስም ለእንግዳ የሚሰጥ ትልቅ አደራ ነው።

ይህ ሰው የሚደነቅበት ነገር ነበረው፤ እርሱን መደበቅ ተገቢ አይደለም። የኢሮኮይ ሸንጎ ሐዘን ሳይነሣ ነገር አይጀምርም። ሰው የሞተበት ወገን ካለ፣ የሚናገረው መልእክተኛ ዋምፐም የሚባለውን ከቀንድ አውጣ ዛጎል የተሠራ ጥልፍ አንድ በአንድ እያቀረበ የሐዘንተኛውን እንባ እንደሚጠርግ፣ ጆሮውን እንደሚከፍትለት፣ ጉሮሮውን እንደሚያጠራለት በቃል ይናገራል። ማየት፣ መስማትና መናገር የማይችል ሐዘንተኛ አይደራደርምና። የእንግሊዝ ሹማምንት ይህን ጊዜ ማባከን ይሉት ነበር። ጆንሰን ግን ሥርዓቱን ከነዜማው አጥንቶ ራሱ ይፈጽመው ነበር። ልቅሶ ሳይደርስ ዕዳ የሚጠይቅን ሰው እኛ ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ለምን እንደወደዱት ለመረዳት አትቸገሩም።

በ1755 በጆርጅ ሐይቅ አጠገብ ከፈረንሳዮች ጋር በተደረገው ውጊያ የቅኝ ገዢዎቹንም የሞሐውኮችንም ጦር መራ። ወዳጁ ሽማግሌው የሞሐውክ አለቃ ሄንድሪክ በዚያ ቀን ወደቀ። ጆንሰን የመኳንንት ማዕረግ አገኘ፤ በቀጣዩ ዓመትም የእንግሊዝ ንጉሥ በስድስቱ ሕዝቦችና በሰሜኑ ነገዶች ጉዳይ ላይ ሾመው። ቤቱን በሠራበት ቦታ የሞሐውክ ሴት ሞሊ ብራንት አብራው ኖረች፤ ስምንት ልጆች ወለዱ። በኢሮኮይ ዘንድ ዘር በእናት ይቈጠራል፤ አለቃን የሚመርጡትም የሚሽሩትም የጎሣ እናቶች ናቸው። ስለዚህ ሞሊን የቤት እመቤት ብቻ አድርጋችሁ አትዩአት። ከጆንሰን ንግግር ይልቅ የእርሷ ቃል በሸንጎው ውስጥ የሚሰማበት ቀን ብዙ ነበር ብል አላጋነንኩም።

እንግዲህ ይህ ሰው ገዢው ዘንድ ሲሄድ ቀይ ካፖርት ለብሶ እንግሊዛዊ ይሆናል፤ ሸንጎ ላይ ሲቀመጥ እንደ ሞሐውኮች ለብሶ፣ ፊቱን ቀብቶ፣ አብሯቸው ይጨፍራል። ሁለቱንም አሳምሮ ያውቅበታል። እዚህ ላይ የሃይማኖታችንን ትምህርት አስገባለሁና ልብ በሉ።

ሁለት የተለያዩትን የሚያስታርቅ ከሁለቱም ወገን መሆን አለበት። አባቶቻችን ስለ ጌታችን ሲያስተምሩ የሚጀምሩት ከዚህ ነው፤ ፍጹም አምላክ ሲሆን ፍጹም ሰው ሆነ። እንዴት? በየተራ አይደለም። ዛሬ አምላክ፣ ነገ ሰው እየሆነ አልተመላለሰም። ሥጋን እንደ ካፖርት ለብሶ ነገሩ ሲያልቅ የሚያወልቀው አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያን ኅድረት የሚለውን ትምህርት ያወገዘችው ለዚህ ነው። ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት፣ በተዋሕዶ አንድ ሆነ። ስለዚህ የእኛ ረኃብ የእርሱ ረኃብ፣ የእኛ ሞት የእርሱ ሞት ሆነ። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 2 ሁለቱን አንድ አደረገ፣ በመካከል ያለውን የጥል ግድግዳ አፈረሰ የሚለው ይህን ይዞ ነው። እዚያው ከዚያ በኋላ እንግዶች አይደላችሁም ይላቸዋል። ልብ አድርጉ፣ ግድግዳው የፈረሰው በሥጋው ነው። ዋጋውን የከፈለው አስታራቂው ራሱ ነው እንጂ ከታራቂዎቹ አልተሰበሰበም።

በየተራ ሁለት የሚሆን አስታራቂ ግን አንድ ቀን መምረጥ ይመጣበታል። ጆንሰንን የፈተነው ቀን ምን ይዞ መጣ? መሬት ይዞ መጣ።

በዚያ አገር የሚወራ አንድ ተረት አለ። አለቃው ሄንድሪክ የጆንሰንን በወርቅ የተጠለፈ ካፖርት አይቶ፣ ሰጠኸኝ ብዬ አለምኩ አለው። በእነርሱ ዘንድ ሕልም ይፈጸማልና ጆንሰን ሰጠው። ከጥቂት ቀን በኋላ ጆንሰንም በተራው አለመ፤ ያለመው ግን ሰፊ መሬት ነበር። ሄንድሪክ ሰጠውና ከእንግዲህ አብሬህ አላልምም አለው ይባላል። ታሪክ አዋቂዎች ይህን አይቀበሉትም፤ ስለ ሌሎች ሰዎችም ይነገራል። እኔም ታሪክ ነው ብዬ አላስተምራችሁም። ቢሆንም ሰው ስለ ጆንሰን የታዘበውን ይዟል። ካፖርት ሰጥቶ መሬት የወሰደ ሰው መባሉ ከሜዳ አልመጣም፤ በ1760 የላይኛው መንደር ሞሐውኮች በአሥር ሺዎች ሄክታር የሚቈጠር መሬት በስጦታ ሰጡት፤ በእኛ አቆጣጠር ብዙ መቶ ጋሻ ነው። ንጉሡም በኋላ አጸናለት። ሲሞት በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ከነበሩት ታላላቅ ባለ ርስቶች አንዱ ነበር። ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ጭሰኛ አስመጥቶ አሰፈረበት። ባሮችም ነበሩት።

አሁን የአብርሃምን እንቢታ አስታውሱ። ስጦታ የሚወዱት ሰው ሲሰጥ ደስ ይላል። ነገር ግን ሰጪው በዙሪያው ሰፋሪ ከብቦት፣ ተቀባዩ ደግሞ ያን ሰፋሪ ከልክልልኝ ብሎ የሚማጠነው ባለሥልጣን ሲሆን፣ ያ ስጦታ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ጆንሰን በሐሰት ሰነድ ሞሐውኮችን ሊነቅሉ የመጡትን ባለ ሀብቶች ለብዙ ዓመት ተከራክሯል፤ ይህ እውነት ነው። ተከራካሪው ራሱ ግን ባለ ጋሻ መሬት ሆኖ ነበር።

ነገሩ የተገለጠው በ1768 መጸው በፎርት ስታንዊክስ ነው። ከሦስት ሺህ የማያንስ ሕዝብ ለሳምንታት ተሰበሰበ። በሰፋሪውና በነገዶቹ መካከል ወሰን ሊሰመር ነው። ለንደን ወሰኑ በኦሃዮ ወንዝ ወርዶ ካናዋ ወንዝ የሚገባበት ላይ ይቁም ብላ ነበር። ጆንሰን ግን መስመሩን እስከ ቴነሲ ወንዝ ወሰደው። በመስመሩ ውስጥ የገባውን የአደን አገር የሚኖሩበትና የሚያድኑበት ሾኒ፣ ዴላዌርና ቼሮኪ የሚባሉት ሕዝቦች ናቸው። የሸጡት ደግሞ ኢሮኮዮች፤ ከ10,000 ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብና ዕቃ ተቀበሉ። ሰፋሪው ከኢሮኮይ ደጅ ዞር ብሎ ወደ ሌላው ደጅ እንዲሄድ ሆነ ማለት ነው። ሞሐውኮች የጆንሰን ወዳጆች ስለነበሩ ለጊዜው ዳኑ። የራቀው ጎረቤት በእነርሱ ፈንታ ተሸጠ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ያ የተሸጠው አገር በደም ተነከረ። ሐምሌ 1774 ላይ ጆንሰን ኢሮኮዮቹን በቤቱ ሰብስቦ፣ ከሾኒዎች ጋር ሆናችሁ ጦርነቱ ውስጥ አትግቡ እያለ በፀሐይ ላይ ረጅም ንግግር ተናገረ። በዚያው ምሽት ሞተ። ብዙ ሳይቆይ የአሜሪካ አብዮት ፈነዳ። የስድስቱ ሕዝቦች ቃል ኪዳን ለሁለት ተከፈለ፤ በ1779 የአብዮተኞቹ ጦር መንደሮቻቸውን ከነበቆሎ ማሳቸው አቃጠለ። ሞሊ ብራንት ቤቷ ተዘርፎ ወደ ካናዳ ተሰደደች፤ በ1796 እዚያው አረፈች። የጆንሰን ሰፊ ርስት በአዲሱ መንግሥት ተወረሰ።

አንዳንዶቻችሁ ይህ ሰው ክፉ ነው ወይስ ደግ ብላችሁ ልትጠይቁኝ ነው። ጥያቄውን ወደ መጽሐፉ እንውሰደው። በካልዕ ነገሥት ምዕራፍ 5 ላይ ንዕማን የሚባል የሶርያ ጦር አለቃ ከለምጹ ነጻ። ኤልሳዕ እጅ መንሻ አልቀበልም አለ። አገልጋዩ ግያዝ ግን ከኋላ ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ። ኤልሳዕ ሲገሥጸው የጠራውን ተመልከቱ፤ ግያዝ የተቀበለው ብርና ልብስ ነው፣ ነቢዩ ግን ወይራውን፣ ወይኑን፣ በጉንና በሬውን፣ ሎሌና ገረዱን ሁሉ አነሣበት። ብሩ ገና እጁ ላይ ሳለ ርስቱን በልቡ ገዝቶ ነበር። ግያዝ በእግዚአብሔር ሰውና በባዕዱ መካከል መልእክተኛ ነበር። የመካከለኛ ሰው ኃጢአት ይህን ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ከጥላቻ አይመጣም፤ ከቅርበት ይመጣል። ጆንሰን ሞሐውኮችን አልጠላም። ወደዳቸው፣ ከእነርሱ ወለደ፣ ልቅሷቸውን አለቀሰ። እጁ ግን ንጹሕ አልነበረም። በዘኍልቍ 16 ሙሴ ከእነዚህ ሰዎች አንዲት አህያ አልወሰድሁም ብሎ በእግዚአብሔር ፊት የቆመው፣ ሳሙኤልም በቀዳማዊ ሳሙኤል 12 የማንን በሬ ወሰድኩ ብሎ ሕዝቡን ያስመሰከረው፣ ወዳጅነታቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነው ያሳዩት።

ደግሞ አንድ ነገር አትለፉ። ጆንሰን ራሱ መሬቱን ከተቀማ ሕዝብ የወጣ ነው። ኦሪት ዘጸአት 23 ላይ እስራኤል መጻተኛውን እንዳይጨቁኑ የተነገራቸው ምክንያት ምን ነበር? በግብፅ መጻተኞች ነበራችሁና የመጻተኛን ነፍስ ታውቃላችሁ ተባሉ። ማወቅ ግን በራሱ አይጠብቅም፤ ትእዛዝ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። በ1870ዎቹ ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ የምኒልክ ሠራዊት በራስ ዳርጌ እየተመራ ከአርሲ ኦሮሞ ጋር ለዓመታት ተዋጋ። አርሲዎች ጠመንጃን በጦርና በጋሻ ተቋቁመው ከብዙ እልቂት በኋላ ተሸነፉ። ወታደሩ በምድሪቱ ላይ ሰፈረ፤ ለደመወዙ ገባር ተሰጠው። ቃላድ ተጣለ፤ ለባላባቱ ሲሶ ተባለ፤ ለታቦታችንም የሰሞን መሬት ተከለለለት። ይህን እዚህ ደጀ ሰላም ውስጥ ሆኜ የምናገረው እየከበደኝ ነው፤ ግን አልዘለውም። ከሸዋ የመጣው ወታደርም ብዙው በአገሩ መሬት ያጣ የደሃ ልጅ ነበር፤ የአየርላንዱን ሰው አስታውሱ። ታቦቱ ወንጌልን ይዞ መጣ፤ ከወንጌሉ ጋር ገባርም አብሮ መጣ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን በስንት ሰው ጆሮ ደፈነው? አብርሃም 318ቱን አሰልፎ ኬብሮንን ቢይዝ ኖሮ ኤፍሮን የአብርሃምን አምላክ እንዴት ያየው ነበር?

በመካከል የቆመው ባላባቱ ነበር። የአርሲ ልጅ ነው፣ ቋንቋውን ያውቃል፣ ግብሩን የሚያሰባስበውም እርሱ ነው። ሕዝቡን ከሹሙ ጅራፍ የሸፈነ ባላባት ነበር፤ በሲሶው የከበረ፣ ወገኑን ጭሰኛ ያደረገም ነበር። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ እናንተ ከአያቶቻችሁ ካዱ ሲባል የሰማችሁት፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ መጣ። የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ምርቱ ሲያድግ ግን መሬቱ ተወደደ፤ ባለ መሬቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አስነሣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ታወጀ፤ ገባርም ጭሰኛም ቀረ። የመካከለኛው ሰው ሥራ ግን አልቀረም።

ዛሬ በእኛ ሰፈር ኅዳር ላይ ኮምባይነር ሲገባ ማን ነው በመካከል የሚቆመው? አንዲት መበለት ልጆቿ ከተማ ገብተው እጅ ሲያጥራት መሬቷን በኮንትራት ትሰጣለች። ውሉ ይጻፋል፤ እርሷ ጣቷን ቀለም ነክራ ታትማለች። ለሦስት ዓመት ነው ተብላ ያተመችው አምስት ሆኖ ይገኛል። የጻፈላት የጎረቤት ልጅ ነው፣ ቋንቋዋን ያውቃል፣ እማማ እያለ ቡናዋን ይጠጣል፤ ከተከራዩም ኮሚሽን ተቀብሏል። ይህ ልጅ ከመካከላችሁ አንዱ ሊሆን ይችላል። አብርሃም ብሩን በከተማው በር፣ ሁሉ እያየ የመዘነው ለዚህ ነው።

በአርሲዎች ዘንድ ጥል ሲነሣ የሚሆነውን አይታችኋል። ወንዶቹ ዱላ ሲያነሡ ያገባች ሴት ስንቄዋን ይዛ በመካከል ትገባለች። ስንቄ በሠርጓ ቀን የተሰጣት ቀጭን ዘንግ ነው፤ ሰው አይመታበትም። ሌሎቹም ሴቶች ይከተሏታል፤ ዱላው ይወርዳል፤ ስንቄን ተራምዶ የሚማታ ነውረኛ ነው። ይህን ስጠቅስ የአምልኮን ነገር እያስተማርኩ አይደለም። መካከለኛዋን እዩአት ነው የምለው፤ ይዛ የገባችው ነፍሷን ነው፣ ከተጣሉበት ድንበር ግን ስንዝር አትካፈልም። ሞሊ ብራንት ይህችን ሴት ብታያት የምታውቃት ይመስለኛል።

ለሚቀጥለው ሰንበት ቀዳማዊ ነገሥት ላይ የናቡቴን ታሪክ አንብባችሁ ኑ። አክዓብንና ኤልዛቤልን ሁላችሁም ታውቃላችሁና እነርሱን አልጠይቃችሁም። የምጠይቃችሁ ስለ ከተማው ሽማግሌዎች ነው፤ ደብዳቤው የደረሳቸው፣ ጾም ያወጁት፣ ናቡቴን በሕዝቡ ፊት ያስቀመጡት እነርሱ ናቸው። የናቡቴ ጎረቤቶች ነበሩ። ለዚህ ሥራቸው የተከፈላቸው ነገር በመጽሐፉ ተጽፎ እንደሆነ ፈልጉ፤ ካልተጻፈም ለምን እንደታዘዙ አስባችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።